ያለ ተቆጣጣሪ ያልተተወ ጉልበት፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት

ሩጫ ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ ስፖርት ነው። በጭላሎና በካካ ተራሮች ዙሪያ በተዘረጋው የአርሲ ደጋ፣ ከአሰላና ከበቆጂ አንሥቶ ስሟ ለአውራጃ መጠሪያ ሆኖ እስከ ኖረችው እስከ ጢቾ ድረስ፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ የሚሮጥ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚሁ ደጋ የበቀሉት ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ከተቀዳጁ ወዲህ የእነርሱን ፈለግ ለመከተል የሚመኘው ወጣት እየበረከተ ሄዷል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ በፊት የኢትዮጵያን ስም በረጅም ርቀት ሩጫ ለዓለም ያስተዋወቀ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

ስለ አበበ በተወሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው በባዶ እግሩ መሮጡ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። በተፈጥሮ ስጦታና በወኔ ብቻ ዓለምን አሸነፈ የሚለው አተራረክ የታሪኩን ሌላ ግማሽ ይሸፍነዋል። ይኸውም የአበበ ጉልበት በሰዓት እየተለካ፣ በአሠልጣኝ ዓይን እየተጠበቀ፣ ሕመሙም በሐኪም እየታየ የኖረ መሆኑ ነው። ዛሬ አሠልጣኝም ሐኪምም ሳይኖረው የሚሮጠው አማተር ስፖርተኛ፣ የገጠር ተማሪም ይሁን የከተማ ቢሮ ሠራተኛ፣ የጎደለው የመሰለውን ጉልበት ከታሸገ ዱቄት፣ ምንነቱን ከማያውቀው ክኒንና ከጓደኛው ከሰማው የአመጋገብ ሥርዓት ሲፈልግ ይታያል። ስለዚህ የአበበን ሕይወት ከተሸፈነው ግማሽ በኩል መመልከቱ ተገቢ ይሆናል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ውስጥ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ከአባቱ ከአቶ ቢቂላ ደምሴና ከእናቱ ከወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ተወለደ። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ በመድረሱ ቤተሰቡ መንደሩን ለቆ ለመሰደድ ተገደደ። ወደ ትውልድ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀ፣ ገና እየተጫወተ አደገ። የገና ጨዋታ በሰፊ ሜዳ ላይ የሚካሄድ በመሆኑ ልጆች ሳይታወቃቸው ብዙ ርቀት የሚሮጡበት ጨዋታ ነው።

በ1940ዎቹ አጋማሽ አበበ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ ከተማው ያለውን መንገድ በየዕለቱ በሩጫ ይመላለስበት እንደነበር ይነገራል። በዚህ ጊዜ ነበር ትውልዳቸው ከፊንላንድ፣ ዜግነታቸው ስዊድናዊ የሆነው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኙት። ኒስካነን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ወታደሮችን በአካል ማጎልመሻ ያሠለጥኑ ነበር። የሥልጠናቸው መሠረት ረጅም ሩጫን በአጫጭርና ፈጣን ድግግሞሾች ማጠናከር ነበር። ይህም በጊዜው በአውሮፓ የታወቀ እንጂ ምሥጢር የሆነ ነገር አልነበረም።

የዚህ ሥልጠና ውጤት በ1952 ዓ.ም. ክረምት ታየ። አበበ በሐምሌ ወር ገደማ በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ በዚያው ከተማ በድጋሚ ሲሮጥ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ፈጀበት። ልዩነቱ ከ18 ደቂቃ በላይ ነው። ሁለተኛው ውጤት ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ ይዞት ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ሲሆን፣ የተመዘገበውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ያለ መሻሻል የሚያይ ሰው ዛሬ ቢሆን ምን ወስዶ ይሆን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የአበበ መልስ ግን በሰዓቱ ላይ ተጽፏል። ለዓመታት በተጠራቀመ ልምምድ የዳበረ ሰውነት፣ ርቀቱን አንድ ጊዜ ካወቀው በኋላ ጉልበቱን ማከፋፈል ተማረ። አሠልጣኙም ሯጩን ወደ ሮማ ከመላካቸው በፊት የመሸከም አቅሙን በልኬት አረጋገጡ። ለመሐንዲስ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ አቅሙ ባልተፈተነ ምሰሶ ላይ ወለል የሚጭን ባለሙያ የለምና።

የሮማው ኦሊምፒክ የተከፈተው ግን በሐዘን ነበር። ነሐሴ 20 ቀን 1952 ዓ.ም. በ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ብስክሌት ውድድር ላይ፣ በብርቱ ሙቀት ውስጥ ሲጋልብ የነበረው የ23 ዓመቱ ዴንማርካዊ ክኑድ ኤኔማርክ የንሰን ከብስክሌቱ ወድቆ ሞተ። የሞቱ ምክንያት በይፋ የሙቀት ምት ነው ቢባልም፣ የደም ሥርን የሚያሰፋ መድኃኒት ለቡድኑ ተሰጥቶ ነበር የሚለው ጉዳይ ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ ምንም ይሁን ምን አንድ ነገር ግልጽ ነው። በሙቀትና በድካም የተጨናነቀ የደም ዝውውር ላይ ሌላ ጫና የሚጨምር መድኃኒት ሰውነትን ከመጨረሻው ወሰን ሊያሻግረው ይችላል። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የሕክምና ኮሚሽን እንዲቋቋም ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ ሞት ነው።

በእርግጥ በኦሊምፒክ ማራቶን ውስጥ እንዲህ ያለ ድርጊት አዲስ አልነበረም። በ1896 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ ያሸነፈው አሜሪካዊ ቶማስ ሂክስ በሩጫው መካከል ከእንቁላል ነጭ ጋር ስትሪክኒን የተባለ መርዝ፣ በኋላም ብራንዲ ከረዳቶቹ እየተቀበለ ሮጧል። በመጨረሻም በሰው ድጋፍ ካልሆነ መቆም እስኪሳነው ድረስ ተዳክሞ ነበር። ረዳቶቹ የሰጡት መጠን ጥቂት ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ በድል ፈንታ አስከሬን በተቀበሉ ነበር። በዚያ ዘመን ይህን የሚከለክል ደንብ አልነበረም፤ የሚቆጣጠርም አካል አልነበረም።

አበበ በሮማ የሮጠው የንሰን ከሞተ ከ15 ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ማራቶኑ የቀኑን ሙቀት ለማምለጥ ሲባል ወደ ማታ እንዲጀመር ተደርጎ ነበር። አዲስ የተሰጠው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ቀድሞ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ሲመረመር ግን ጥንቃቄ ነበር። በባዶ እግሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለ ተለማመደ የእግሩን ጠባይ ያውቃል፤ የአዲሱን ጫማ ጠባይ ግን አያውቅም። ያልተሞከረ ነገር በውድድር ቀን አይሞከርም የሚለው ደንብ ለጫማ የሚሠራውን ያህል ለምግብ፣ ለመጠጥና ለክኒንም ይሠራል።

አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ፣ ከአክሱም ተወስዶ በሮማ ከቆመው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነበር። ይህም ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት ከነበረው ምርጥ ሰዓት በአንድ ሴኮንድ ያህል የተሻለ ነው። ሐውልቱ ከ45 ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል።

በቀጠሉት ዓመታት አበበ በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺትሴ አሸነፈ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ግን በቀዝቃዛ ነፋስና በዳገት ተፈትኖ አምስተኛ ወጣ። ከጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች ያላሸነፈበት ይህ ብቻ ነው። ከዘመናት በኋላ ደግሞ በዚያው ከተማ በ1994 ዓ.ም. በተካሄደው ማራቶን ላይ፣ ሩጫውን ከጨረሱት መካከል የ488ቱ ደም ሲመረመር ከመቶ 13ቱ በደማቸው ውስጥ ያለው የሶዲየም ጨው ከጤናማው መጠን በታች ወርዶ ተገኘ። ዋናው ምክንያት ከላቡ መጠን በላይ መጠጣት ነበር። ብዙ መጠጣት ይጠቅማል የሚለውን ምክር ያለ ልክ የተከተሉ ሰዎች በሩጫው ላይ ክብደት ጨምረው ነበር። ጨው በብርቱ ሲቀንስ አንጎል ያብጣል፤ ሕይወትም ይጠፋል። እንግዲህ ውኃ እንኳ ያለ ልክ ሲወሰድ የሚጎዳ ከሆነ፣ ስለ ዱቄቱና ስለ ክኒኑ ምን ያህል የበለጠ ማሰብ እንደሚያስፈልግ መገመት አያዳግትም።

የ1957 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አበበ በደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን አመመው። ሕመሙን ችሎ ለመሮጥ ቢሞክርም ተዝለፍልፎ ወደቀ። ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ ትርፍ አንጀቱ መቁሰሉ ታወቀ፤ መስከረም 6 ቀንም በቀዶ ሕክምና ወጣለት። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው እንዲህ ያለውን ሕመም በማስታገሻ ክኒን ሸፍኖ ልምምዱን ሊቀጥል ይችላል። የቆሰለ ትርፍ አንጀት ግን ክኒኑን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፤ መግሉም በሆድ ውስጥ ተሰራጭቶ ይገድላል። ማስታገሻ ሕመሙን እንጂ የሕመሙን ምክንያት አያስወግድም። ከዚህም ሌላ ለሕመም ማስታገሻነት በየሱቁ ከሚገኙት ክኒኖች አንዳንዶቹ ላብና ድካም ባለበት ሰዓት ኩላሊትን ይጎዳሉ።

አበበ በሐኪም እጅ በመታየቱ ለሌላ ታሪክ በቃ። ከቀዶ ሕክምናው 35 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ብዙዎች ይወዳደራል ብለው ባልጠበቁበት ሁኔታ በቶኪዮ ጎዳና ላይ ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ፣ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ሲገባ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያም በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የተመለከተ ሕዝብ በአድናቆት ተሞላ።

ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የሆነው ግን ከድሉ ያላነሰ ትምህርት አለው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በግራ እግሩ ቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ላይ ስንጥቅ እንዳለበት ሩጫውን ጀመረ። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋርጦ ወጣ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ወሰደው። የአሠልጣኝና የሐኪም ክትትል ስንጥቁን ሊያስቀረው አልቻለም፤ ሰውነት ወሰን አለውና። ሆኖም አበበ ወሰኑ ሲደርስ ቆመ። ሕመሙን ሸፍኖ 25 ኪሎ ሜትር ቢጨምር ኖሮ ስንጥቁ ወደ ሙሉ ስብራት ሊለወጥ ይችል ነበር።

እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብረት በተደጋጋሚ ጭነት ቀስ በቀስ ከሚሰነጠቅበት ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል። ከብረት የሚለየው አጥንት ሕይወት ያለው በመሆኑ የደረሰበትን ጥቃቅን ጉዳት በዕረፍትና በምግብ የሚጠግን መሆኑ ነው። ክብደት በቀነሰ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል ብሎ ምግቡን የሚቆርጥ ሯጭ ይህን ጥገና ያቋርጣል። የኦሊምፒክ ኮሚቴው በ2006 ዓ.ም. ባወጣው የባለሙያዎች ሰነድ እንደተገለጸው፣ ልምምዱ የሚጠይቀውን ያህል የማይመገብ ስፖርተኛ የአጥንት መሳሳት፣ የሆርሞን መዛባት፣ የሴቶች የወር አበባ መቋረጥ፣ የደም ማነስና የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም ይደርስበታል። በአርሲ ደጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጾም እንደ መሆኑ፣ በጾም ወራት የልምምዱን መጠንና የምግቡን ሰዓት ከአሠልጣኝና ከጤና ባለሙያ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ወተትና ቅቤ የሚገኝበት አገር ሯጩን ለመመገብ የሚያንስ አይደለም። የሚያንሰው ብዙውን ጊዜ መጠኑን የሚመክር ሰው ነው።

በሜክሲኮ ሌላም ነገር ተጀምሮ ነበር። የበጋው ኦሊምፒክ ስፖርተኞች ስለ አበረታች መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረመሩት በዚያ ነው። ተይዞ ውጤቱ የተሰረዘበት የመጀመሪያው ሰው ስዊድናዊው ሃንስ ጉናር ሊልየንቫል ሲሆን፣ ከሽጉጥ ተኩስ በፊት ለመረጋጋት ጥቂት ቢራ በመጠጣቱ ምክንያት ቡድኑ የነሐስ ሜዳልያውን መልሷል። ከዚያ ወዲህ ምርመራው እየረቀቀ፣ የሚሸጠውም ነገር እየበዛ መጣ። በኮሎኝ የሚገኙ የጀርመን ተመራማሪዎች ከ13 አገሮች 634 ተጨማሪ ንጥረ ምግቦችን ገዝተው ሲመረምሩ፣ 94ቱ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የሆርሞን ንጥረ ነገር ተገኘባቸው። ይህም ከመቶ 15 ያህል ነው። እንዲህ ያለው ሆርሞን በብዛት ሲወሰድ ጉበትንና ልብን ይጎዳል፤ የወንዱን የዘር ፍሬ ያመነምናል፤ የሴቷን ድምፅና የሰውነት ጠባይ ይለውጣል። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን አንዲት ወጣት አማተር ሯጭ መጨረሻው ሲቃረብ ወድቃ ስትሞት፣ ጠጥታው በነበረው ማበረታቻ ውስጥ ዲኤምኤኤ የተባለ ልብን የሚያስጨንቅ ንጥረ ነገር መኖሩ በምርመራ ተረጋግጧል።

በደጋ ሯጮች ዘንድ በተለይ የሚፈለገው የብረት ማዕድን ክኒንና መርፌም እንዲሁ ነው። ብረት ለደም ያስፈልጋል፤ ሲበዛ ግን በጉበትና በልብ ውስጥ ተከማችቶ ይመርዛል። በከፍታ የሚኖር ሕዝብ ደምም አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ሄሞግሎቢን ከፍ ሲል፣ በ1995 ዓ.ም. በታተመ ጥናት መሠረት በሰሜን ተራሮቻችን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ግን በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩት ጋር የተቀራረበ መጠን ነበራቸው። ስለዚህ የጢቾ ሯጭ ብረት ይጉደለው ወይም አይጉደለው በግምት ሊታወቅ አይችልም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

የአበበ የመጨረሻ ዓመታት ይህንኑ እውነት በሌላ መልክ ያሳያሉ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሸኖ አቅራቢያ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ፤ እግሮቹም ሽባ ሆኑ። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። የሆስፒታሉ የአከርካሪ ጉዳት ሕክምና ማዕከል መሥራች ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን ራሱን እንደ መድኃኒት በልክ የሚያዝዙ ሐኪም ነበሩ። አበበም በዚህ ሥርዓት ቀስት መወርወር ተማረ፤ በስቶክ ማንደቪል ውድድሮችም ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ሸርተቴ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። እግሮቹን ያጣ ሰው ክንዱን አጠንክሮ ዳግም ለውድድር የበቃው ጭነቱ ዕለት በዕለት እየተለካለት ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። ብዙ ሺሕ ሕዝብና ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

አበበ የሠራዊት ሯጭ ስለነበር ኒስካነንን የመሰለ አሠልጣኝና ሆስፒታል አላጣም። ለራሱ ደስታ ወይም ነገ ክለብ ለመግባት ተስፋ አድርጎ በጢቾ የሚሮጠው ወጣት ይህ ሁሉ የለውም። ይሁን እንጂ የሩጫውን ርቀትና ሰዓት በደብተር መመዝገብ፣ ጭነቱን ቀስ በቀስ መጨመር፣ የታሸገ ነገር ከመግዛቱ በፊት በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም በአሰላ ወደሚገኘው ሆስፒታል ሄዶ መመርመር፣ ሲያመውም መቆም ከአቅሙ በላይ አይደለም። ለአንድ ቆርቆሮ ዱቄት የሚወጣው ገንዘብ ለደም ምርመራውና ለጥሩ ምግብ ቢውል የበለጠ ይጠቅመዋል። የስፖርት ክበብ ያላቸው መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራትም ለአባሎቻቸው ማልያ ሲገዙ የዓመት የጤና ምርመራ ቢጨምሩበት፣ በየሳምንቱ እሑድ የሚሮጠው ሠራተኛ ጤንነቱ ተጠብቆ ሰኞ በሥራው ገበታ ላይ ይገኛል።